የማያውቁትን ስለማወቅ

ሰው ከሚያውቀው ይልቅ የማያውቀው እንደሚበዛ ሁሉም ያምናል፤ ነገር ግን በሚያውቀውና በማያውቀው መካከል ያለውን ድንበር ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የእርሻ ድንበር በድንጋይ ይታወቃል፥ የአገር ድንበር በወንዝና በተራራ ይታወቃል፤ የዕውቀት ድንበር ግን ምልክት የለውምና ባለቤቱ ሳይሰማው ተሻግሮት ይሄዳል። ከተሻገረም በኋላ ድምፁ አይለወጥም፥ ፊቱም አይለወጥም፤ በሚያውቀው ነገር ሲናገር እንደ ነበረ በማያውቀውም ነገር እንዲሁ ይናገራል። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ካለማወቅ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ዛሬ ግን እንደ ገና እንድንመረምረው የሚያስገድድ ነገር መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ ለሐኪምና ለጠበቃ፥ ለተማሪና ለነጋዴ፥ ለካህንም ይመልሳል። ስለዚህ፦ ይህ መኪና የሚያውቀውን ከማያውቀው ሊለይ ይችላልን? ቢለይስ «አላውቅም» ብሎ የሚናገረው ቃል እንደ ሰው ቃል ሊቈጠርለት ይገባልን? ብለን መጠየቅ ይገባናል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሩቅ አገር ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ታሪክ ላውሳ። አንድ የግዕዝ መምህር ወዳጅ አሉኝ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የአንድ ግዕዝ ቃል ትርጓሜ ጽፎ አመጣላቸው። ትርጓሜው የተስተካከለ፥ መጽሐፉም በስሙ፥ ገጹም በቍጥሩ የተጠቀሰ ነበር። መምህሩ መጽሐፉን ከሣጥናቸው አውጥተው ቢገልጡት በተባለው ገጽ ላይ ቃሉ የለም። የቀረውንም ገጽ ሁሉ ፈለጉ፤ የለም። «ልጄ፥ ይህን ከማን ሰማኸው?» ቢሉት «የኔታ፥ ኮምፒዩተሩን ጠይቄ ነው፤ ገጹን እንኳ ነግሮኛል» አለ። ኋላ ይህን ሲነግሩኝ «መሳሳቱስ አይገርምም፥ እኔም እሳሳታለሁ፤ ሲሳሳት አለማመንታቱ ግን አስፈራኝ» አሉኝ።

የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በተመለሰው በመጽሐፈ ፈላስፋ ውስጥ ስሙ ይገኛል። ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን እንደ ጻፈልን፥ ሶቅራጥስ ከእርሱ የሚበልጥ ጠቢብ የለም የሚል ቃል ከዴልፊ መጣ ሲባል በሰማ ጊዜ ቃሉን ለመመርመር ተነሣ። ወደ ገዦች ሄደ፤ የማያውቁትን የሚያውቁ ሲመስላቸው አገኛቸው። ወደ ባለቅኔዎች ሄደ፤ የገዛ ቅኔያቸውን መፍታት ሲያቅታቸው አየ። በመጨረሻ ወደ ባለእጆች ሄደ። እነዚህስ በእውነት ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን በእጃቸው ሥራ ማወቃቸው አታለላቸውና በሌላውም በታላቁ ነገር ሁሉ የሚያውቁ መሰላቸው።

የዛሬው መኪና ነገር ከባለእጆቹ ጋር ይመሳሰላል። ቋንቋን በእውነት ያውቃል፤ ዐረፍተ ነገሩ ቀጥ ያለ፥ አነጋገሩም ለዛ ያለው ነው። እኛም ንግግሩ በማማሩ የተነገረውም እውነት ይመስለናል። እንግዲህ ስሕተቱ የሁለት ወገን ነው፤ አንዱ የተናጋሪው፥ አንዱም የሰሚው ነው።

አሁን ሊቃውንቱ ይህን ድንበር ለመኪና ለማስተማር የሄዱባቸውን መንገዶች በአጭሩ እንመልከት።

የመጀመሪያው መንገድ ጎተራን ቈጥሮ መናገር ነው። በ1962 የፊንላንዱ ፈላስፋ ያኮ ሂንቲካ ስለ ማወቅና ስለ ማመን በጻፈው መጽሐፍ የማወቅን ነገር በሎጂክ ሕግ አስቀመጠው። ሂንቲካ «የሚያውቅ ሰው ማወቁንም ያውቃል» የሚለውን ተቀበለ፤ «የማያውቅ ሰው አለማወቁን ያውቃል» የሚለውን ግን አልተቀበለም። ይህም ትክክል ነው፤ የማያውቅ ሁሉ አለማወቁን ቢያውቅ ኖሮ በዓለም ላይ ትዕቢተኛ ባልተገኘ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የኮምፒዩተር ሊቃውንት ግን ስለ መኪና ሲያስቡ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሕግ ይወስዳሉ፤ የመኪና ጎተራ የተለካና የተቈጠረ ነውና በውስጡ የሌለውን እንደሌለ ማወቅ ይችላል ብለው ነው።

በ1978 ሬይመንድ ራይተር የተዘጋ ዓለም የሚባለውን አሳብ ጻፈ። የአውሮፕላን መነሻ ሰሌዳን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ አውሮፕላን በሰሌዳው ላይ ካልተጻፈ «አላውቅም» አንልም፤ «የለም» እንላለን። ሰሌዳው ሙሉ ነው ብለን ስለምናምን አለመጻፉ ራሱ ምስክር ሆነልን። በ1985 ደግሞ ሮበርት ሙር ነገሩን ወደ ራስ መልሶ ገለጠው። አንድን ሰው «ታላቅ ወንድም አለህን?» ቢሉት «የለኝም» ይላል። እንዴት ዐወቅህ ቢሉት ማስረጃው «ቢኖረኝ ኖሮ ባወቅሁ ነበር» የሚል ነው። ስለ ዓለም የተናገረው ስለ ራሱ ዕውቀት በማሰብ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ሽማግሌዎች መጥተው አባቱ በወጣትነቱ በሌላ አገር ልጅ እንደ ወለደ ቢነግሩት ያንን ቃሉን ይመልሳል። በቀድሞው ሎጂክ አንድ ጊዜ በትክክል የተደመደመ ነገር ሌላ ዕውቀት ሲጨመር አይፈርስም፤ በዚህኛው ግን ይፈርሳል። የሰውም አስተሳሰብ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

የዚህ መንገድ ጕድለት ግልጥ ነው። «ቢኖር ባወቅሁ ነበር» ማለት የሚችል ጎተራው የሞላለት ብቻ ነው። ስለ ወንድሙ እንዲህ ማለት የሚገባው ሰው ስለ ጨረቃ ጀርባ እንዲህ ቢል ይሣቅበታል።

ሁለተኛው መንገድ መመዘን ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሾርትሊፍና ባልደረቦቹ ማይሲን የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ሥራው በደም ውስጥ የገባውን የባክቴሪያ ዐይነት መርምሮ መድኃኒቱን መምከር ነበር። በመቶ የሚቈጠሩ ሕግጋት ተጻፉለት፤ ለእያንዳንዱም የርግጠኛነት ቍጥር ተሰጠው፤ ቍጥሩም ፈጽሞ አይደለም ከሚለው ከ-1 ጀምሮ ፈጽሞ ነው እስከሚለው እስከ 1 ይደርሳል። ሐኪሙ «ይህን ለምን ትጠይቀኛለህ?» ቢለው ያሰበበትን ሕግ አውጥቶ ያሳየዋል። በ1976 ደግሞ ራንዳል ዴቪስ ቲሬስያስ የሚባል ረዳት ጨመረለት። ይህም ሐኪሙ አዲስ ሕግ ባስተማረው ጊዜ ከዚህ ቀደም የሚያውቃቸውን ሕግጋት መልክ አስተያይቶ «እንዲህ ያሉት ሕግጋት ብዙ ጊዜ ይህንም ነገር ይጠቅሳሉ፤ አንተ ግን አልጠቀስኸውም» ይለው ነበር። ይህ መኪና የገዛ ዕውቀቱን እንደ ሌላ ነገር አቁሞ ያየበት ሥራ ነው። ሆኖም ማይሲን ለምርምር ቀረ እንጂ በሆስፒታል የዘወትር አገልግሎት አልገባም።

የመመዘን ነገር ለሕዝብ ሁሉ የታየው በየካቲት 2011 ነው። ዋትሰን የተባለው የአይቢኤም ኩባንያ መኪና በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሚታየው በጄፓርዲ የጥያቄ ውድድር ላይ ከሁለት ታላላቅ አሸናፊዎች ጋር ተወዳደረ። ዋትሰን ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ብቻ ሳይሆን በመልሱ ምን ያህል እንደሚተማመንም ያሰላ ነበር፤ ቍጥሩ ካነሰ ዝም ይላል። በመጀመሪያው ጨዋታ መጨረሻ ስለ አሜሪካ ከተሞች በቀረበው ጥያቄ ግን ሁሉም መጻፍ ግድ ስለ ሆነባቸው ዋትሰን «ቶሮንቶ» ብሎ ጻፈ፤ ትክክለኛው መልስ ቺካጎ ነበረ። ተመልካቹ ሣቀ። ነገር ግን ከቶሮንቶ ቀጥሎ አምስት የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ነበር፤ ከነበረውም ከ36,681 ዶላር ላይ ያስያዘው 947 ዶላር ብቻ ነበረ። መልሱን ተሳሳተ፤ በመልሱ ላይ ያለውን አለመተማመን ግን አልተሳሳተም። በውድድሩም መጨረሻ አሸናፊ ሆነ። እኔ ከመልሶቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ስሕተቱን አከብረዋለሁ።

ሦስተኛው ዛሬ በየእጃችን ያለው ነው፤ ችግሩም የከበደ ነው። የቋንቋ ሞዴል የሚባለው መኪና እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመትን ተማረ። ዕውቀቱ በመደርደሪያ እንደ ተቀመጠ መጽሐፍ አይደለም፤ በቢሊዮን በሚቈጠሩ ቍጥሮች ውስጥ ተበትኗል። ማር በጠጅ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ጠጁን የቀመሰ ሰው ማሩ ከየትኛው አበባ እንደ ተቀሰመ ሊናገር አይችልም። እንዲሁ ይህ መኪና «ይህን ከየት አገኘኸው?» ቢሉት ወደ ጎተራው ገብቶ የሚያየው ሣጥን የለውም፤ የመጽሐፉን ስምና ገጽ የሚያመጣውም ሌላውን ቃል በሚያመጣበት በዚያው ግምት ነው። ብዙ በተጻፈበት ነገር ግምቱ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ በኮምፒዩተር ጥቂት በተጻፈበት ቋንቋ ግን ይስታል። ድምፁ ግን በሁለቱም አንድ ነው። የወዳጄን ደቀ መዝሙር ያሳተው ይህ ነው።

ነገር ግን መኪናው ስለ ራሱ ምንም አያውቅም ማለትም ሐሰት ይሆናል። በ1950 የአየር ጠባይ ሊቅ የሆነው ግሌን ብራየር ትንቢተ አየርን የሚመዝን መለኪያ ጻፈ። «ዝናም ከመቶ ሰባ ያህል ይሆናል» ከተባለባቸው መቶ ቀኖች በሰባው ከዘነበ ተናጋሪው በልኩ ተናግሯል ማለት ነው። በ2022 የአንትሮፒክ ኩባንያ መርማሪዎች በዚህ ዐይነት ሚዛን የቋንቋ ሞዴልን መዘኑ። መኪናው ከመለሰ በኋላ የገዛ መልሱን መልሰው ሰጡትና «ይህ እውነት ነውን?» አሉት። ጥያቄው በሚገባው መልክ ሲቀርብለት ታላላቆቹ ሞዴሎች ስለ ራሳቸው የሚሰጡት ግምት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ጋር ተቀራረበ፤ ያልለመዱት ዐይነት ሥራ ሲመጣባቸው ግን ልኩ ይዛባ ነበር። በ2023 ደግሞ የኦፕንኤአይ ኩባንያ ስለ ጂፒቲ-4 ባወጣው ጽሑፍ የሚያስደንቅ ነገር ገለጠ። መኪናው በንባብ ብቻ በተማረ ጊዜ ግምቱ ከልኩ ጋር ይስማማ ነበር፤ ሰዎች ደስ የሚያሰኛቸውን መልስ እንዲሰጥ ካሠለጠኑት በኋላ ግን ያ ልክ ቀነሰ።

በዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ቋንቋችን ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ነው። «መጣ» የሚል ያየ ወይም የተረዳ ነው፤ «መጣ አሉ» የሚል የሰማ ነው፤ «የመጣ ይመስለኛል» የሚል የገመተ ነው፤ «መጥቶ ይሆናል» የሚል ከዚያም ያነሰ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከአንድ ግሥ ጋር ምንጩንና ሚዛኑን ይናገራል። መኪናውም እነዚህን ቃላት አሳምሮ ያውቃል። ጥያቄው ግን «ይመስለኛል» ሲል ያ ቃል በውስጡ ካለው ሚዛን የመጣ ነው ወይስ ሰዎች በዚህ ቦታ «ይመስለኛል» ማለት ልማዳቸው ስለ ሆነ የተጨመረ? የሚል ነው። በውስጡ ሚዛን እንዳለ መርማሪዎቹ አሳይተዋል፤ አፉ ግን ሁልጊዜ ሚዛኑን አይከተልም። በሰውስ ዘንድ ቢሆን ይህ መለያየት ስንት ጊዜ ታይቷል! ልቡ እየተጠራጠረ አፉ የሚምል ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰው «ሰው ወደ ውስጡ ተመልክቶ ማወቁን ያያል፤ መኪና ግን ቍጥር ያሰላል፤ ስለዚህ አንድ አይደሉም» ይላል። እኔ በዚህ ክርክር ብዙ አልተማመንም። ስሙን እናውቀዋለን እያልን «በአፌ መጥቶ ጠፋኝ» የምንልበት ጊዜ አለ። በ1965 ጆሴፍ ሃርት የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ይህን ፈተነው። መልሱ ጠፍቶባቸው «ባየው ግን አውቀዋለሁ» ያሉ ሰዎች ብዙ መልስ ተደርድሮ ሲቀርብላቸው ከሌላው ይልቅ ትክክለኛውን አገኙ፤ ሁልጊዜ ግን አላገኙም። እንግዲህ እኛም የልባችንን ጎተራ በመብራት የምናይ አይደለንም፤ በምልክት እንገምታለን።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም በዋጋው ነው። ሰው «አላውቅም» ሲል ዋጋ ይከፍላል፤ ያፍራል፥ ደንበኛው ይሄድበታል፥ ክብሩ ይቀንሳል። «ዐውቃለሁ» ብሎ ሲዋሽም በኋላ ይጠየቃል። በ2023 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ይህ ታየ። ጠበቆች በመንገደኛና በአውሮፕላን ኩባንያ መካከል ለነበረ ክርክር ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን የቀድሞ ፍርዶች ጠቅሰው አቀረቡ፤ ብዙዎቹ ፍርዶች በዓለም ያልነበሩ ሆነው ተገኙ። ከጠበቆቹ አንዱ ፍርዱ እውነተኛ መሆኑን መኪናውን ራሱን ጠይቆት «አዎን» ብሎት ነበር። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። መኪናውን የቀጣው የለም፤ ሊቀጣም አይችልም፤ የሚያፍርበት ፊት የለውምና። ሐሰተኛ ምስክርን ሐሰተኛነቱን ጠይቆ ማመን ለልጅ እንኳ የማይገባ ነገር ሆኖ ሳለ የተማሩ ሰዎች እንዴት አደረጉት? የንግግሩ ማማር ስላስረሳቸው ነው።

«ሚዛኑ እስኪስተካከል መታገሥ ነው፤ ሲስተካከል ችግሩ ያልቃል» የሚልም አለ። ይህም እውነት ቢኖርበት ሙሉ አይደለም። በዓመት ከመቶ ሠላሳ ቀን የሚዘንብበት አገር ያለ ሰው በየማለዳው «ዛሬ ከመቶ ሠላሳ ያህል ይዘንባል» ቢል በልኩ ተናግሯል፤ ለገበሬው ግን ምንም አልነገረውም። እንዲሁ ለሁሉ «አላውቅም» የሚል መኪና አይዋሽም፤ አይጠቅምምም፤ መክሊቱን እንደ ቀበረው አገልጋይ ነው። ደግሞም «በዚህ መድኃኒት ከመቶው ዘጠናው ይድናል» የሚለው ለመኪናው በልኩ የተነገረ ቍጥር ነው፤ ከዐሥሩ ለአንዱ ለወደቀው ሰው ግን ሕይወቱ ነው። ቍጥሩን ለዚያ ሰው የሚነግር፥ ከነገረውም በኋላ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ይህንም ሁሉ ስንል መኪናውን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። በ2025 የኦፕንኤአይ መርማሪዎች ከሌሎች ጋር በጻፉት ጽሑፍ መኪናው ለምን እንደሚፈጥር ሲመረምሩ አንዱን ምክንያት በፈተናው ላይ አገኙት። ሞዴሎች የሚወዳደሩባቸው ፈተናዎች አብዛኞቹ «አላውቅም» ላለ ምንም አይሰጡም፤ ለገመተ ግን ምናልባት አንድ ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ የሚገምት ሁሉ ከሚታመነው ይበልጣል። መፍትሔ ያሉትም ሳያውቅ በድፍረት ለተናገረ ነጥብ መቀነስን ነው። አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ፈተና የማን ነው? በትምህርት ቤታችን ባዶ ከመተው ገምተህ ጻፍ ብለን ልጆቻችንን ያስተማርን እኛ አይደለንምን? በሸንጎና በቢሮ «አላውቅም» ያለውን የናቅን፥ ያልተጠየቀውን ሁሉ የመለሰውን ያከበርን እኛ አይደለንምን? ከመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እያልን እንተርታለን፤ ጠያቂውን ግን አላዋቂ እንለዋለን። መኪናው ጽሑፋችንን ብቻ ሳይሆን አመላችንንም ተማረ።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መኪና ስለ ገዛ ዕውቀቱ ማሰብ በጥቂቱም ቢሆን ይችላል፤ እያደርም ይሻሻላል። «አላውቅም» ወይም «እጠራጠራለሁ» ሲል ቃሉን እንደ ሚዛን ምልክት ልንቀበለው ይገባል፤ ሚዛንም በየጊዜው ይፈተሻልና ልንፈትሸው ይገባል። ምስክርነት ግን አይደለም፤ ምስክር ማለት በቃሉ የሚጠየቅ ነውና። ስለዚህ የመኪናውን ቃል ወደ ሰው ፊት ያወጣ ሰው ምስክርነቱን በራሱ ላይ ወሰደ ማለት ነው፤ የሠራውና የሸጠውም ሚዛኑን ሳያስተካክል ለገበያ እንዳወጣ ነጋዴ ሊጠየቅ ይገባል።

ወዳጄ መምህሩ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረጉትን ነግሬ ልፈጽም። ደቀ መዝሙሩን አልገረፉትም፤ ኮምፒዩተሩንም እንዳይነካ አልከለከሉትም። ጽሑፉን መለሱለትና በየመስመሩ ኅዳግ ላይ ከሦስት ቃላት አንዱን እንዲጽፍ አዘዙት፤ በመጽሐፍ ያየውን «አየሁ»፥ ከሌላ የሰማውን «ሰማሁ»፥ የገመተውን «መሰለኝ» ብሎ። ልጁ አንድ ማታ ሙሉ ሲጽፍ አደረ። በነጋው ሲያመጣው «አየሁ» የሚለው ሁለት ቦታ ብቻ ነበረ። ዐንገቱን ደፍቶ ቆመና «የኔታ፥ እርስዎስ የቃሉን ትርጓሜ እንዴት ያውቁታል?» አላቸው።

«አላውቀውም፤ ና አብረን እንፈልገው» አሉት።